ሲጃራን ለመተው ምርኩዝ ቢይዙ ነውሩ ምንድን ነው?

ሰው ከራሱ ልማድ ጋር የሚያደርገው ትግል ከብዙ ትግሎች ይከብዳል። በውጭ የቆመን ጠላት ከጎረቤትና ከዘመድ ጋር ተባብሮ መመከት ይቻላል፤ በገዛ ደሙ ውስጥ የተቀመጠን ፍላጎት ግን ሰው ብቻውን የሚገጥመው ይመስለዋል። አባቶችም «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ያሉት ልማድ ሥር ከሰደደ በኋላ የሰውን ፈቃድ ምን ያህል እንደሚገዛ አስተውለው ነው። ሲጃራ ማጨስም እንዲህ ካሉት ልማዶች አንዱ፣ ምናልባትም ከሁሉ ይበልጥ የሚጸናው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሲጃራ ጎጂ መሆኑን እንደ አዲስ ነገር ለማስተማር አይደለም። ይህን አጫሹ ራሱ ያውቀዋል፤ ከሳሉ፣ ከትንፋሹ ማጠርና ከኪሱ መራቆት ዘወትር ይማረዋል። መመርመር የሚገባን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሲጃራን ለመተው የቆረጠ ሰው በመድኃኒት ቢረዳ መልካም ነው ወይስ ነውር? በእኔ አስተያየት፣ ከሲጃራ ለመላቀቅ የኒኮቲን ምትክ መድኃኒቶችን መጠቀም የልብ ድካም ምልክት አይደለም። ቆራጥነትን ከማስተዋል ጋር ያጣመረ ሰው የሚመርጠው መንገድ ነው። ኅብረተሰቡም ይህን ሰው ከመንቀፍ ይልቅ ሊያግዘው ይገባል።

በየአካባቢያችን አዘውትሮ የሚታየውን ነገር እናስታውስ። አንድ የቤተሰብ አባወራ በዘመን መለወጫ ዕለት «ከዛሬ ጀምሮ ሲጃራ አልነካም» ብሎ በልጆቹ ፊት ይምላል፤ የቀረውንም ፓኮ ሰባብሮ ይጥላል። በማግሥቱ ራሱን ያመዋል። በሦስተኛው ቀን በትንሹም በትልቁም ይቆጣል፤ ሥራው ላይ ሐሳቡ አልሰበሰብ ይለዋል፤ ሌሊቱንም ሲገላበጥ ያድራል። ሳምንቱ ሳይሞላ ከጓሮ ሆኖ ሲያጨስ ይገኛል። በዚህን ጊዜ ዘመድ ወዳጁ «ድሮስ እሱ መች ቁርጥ ሐሳብ አለውና!» ይላል። ከዚህ ንግግር የሚብሰው ደግሞ ሰውየው ራሱ የተባለውን ማመኑ ነው። «እኔ ደካማ ነኝ፤ ለእኔ የሚሆን አይደለም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ዳግመኛም ሳይሞክር ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ ፍርድ የሚጠፋው የሰውየው ክብር ብቻ አይደለም፤ ዕድሜውም ነው። ከትምባሆ ሱስ ሳይላቀቁ ከሚቀሩት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት የሚሞቱት በዚያው በትምባሆ ጠንቅ ነውና።

ታዲያ ያ አባወራ የተሸነፈው በእርግጥ ልብ ስላልነበረው ነውን? ይህን ለመፍረድ በሰውነቱ ውስጥ የሆነውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በትምባሆ ቅጠል ውስጥ ኒኮቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አጫሹ ጭሱን በሳበ ጊዜ ኒኮቲኑ በሳንባ በኩል ወደ ደም ገብቶ ከ10 እስከ 20 በሚሆኑ ሰኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። በዚያም የደስታና የእርካታ ስሜት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮች እንዲመነጩ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ይህ እርካታ አይዘልቅም። በደም ውስጥ ያለው የኒኮቲን መጠን በ2 ሰዓት ገደማ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ አንጎልም የጎደለውን ለመሙላት እንደገና ይጠይቃል። በቀን 20 ሲጃራ የሚያጨስ ሰው በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሲጃራዎችን ያቃጥላል። በዚህ ሁሉ ድግግሞሽ አንጎል ያለ ኒኮቲን መሥራትን ይረሳል ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ማጨስን በድንገት ያቋረጠ ሰው የሚሰማው ቁጣ፣ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የሐሳብ መበተን የጠባይ ጉድለት ሳይሆን ሰውነቱ የለመደውን በማጣቱ የሚያሰማው ጩኸት ነው። ይህም ጩኸት በመጀመሪያው ሳምንት እጅግ ይበረታል፤ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። እንግዲህ ያ አባወራ የወደቀው ትግሉ እጅግ በጸናበት ቀን፣ ያለ አንዳች ረዳት ነበር ማለት ነው። በዳገቱ ወገብ ላይ ምርኩዝ የሚያቀብለው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ምናልባት ከጫፉ በደረሰ ነበር።

እዚህ ላይ ሳይለይ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። አጫሹን የሚያስረው ኒኮቲኑ ሲሆን የሚገድለው ግን በዋናው ጭሱ ነው። በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ማይክል ረስል እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ልዩነት አጉልቶ አሳይቷል። ትምባሆ ሲቃጠል ከ7 ሺህ በላይ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ፤ ከእነዚህም 70 ያህሉ ካንሰር የሚያመጡ ናቸው። በሳንባ ላይ የሚለጠፈው ዝፍት መሰሉ ታር፣ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ የሚሻማው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሁሉም ከጭሱ የሚመጡ ናቸው። ኒኮቲን ራሱ ፍጹም ጉዳት የሌለው ነው ባይባልም እንኳ፣ ከጭሱ ተለይቶ በልክ ሲሰጥ አደጋው ከሲጃራ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የምትክ መድኃኒቶቹም መሠረተ ሐሳብ ይህ ነው፤ ጭሱን ወዲያውኑ ማስቆም፣ ኒኮቲኑን ግን ሰውነት እስኪለምድ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ መሄድ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል ለዚህ ሕክምና የተነገረ ይመስላል።

የእነዚህ መድኃኒቶች አፈጣጠር ታሪክም የሚያስተምረው ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን አገር ክላስ ሉንድግሬን የተባለ ተመራማሪ አንድ ነገር አስተዋለ። በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ የሚያገለግሉ መርከበኞች በውኃ ሥር ማጨስ ስለማይችሉ በአፍ የሚያዝ ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር፤ በዚህም የሲጃራ ጥማቸውን ይታገሡ ነበር። ሉንድግሬን ይህን ለባልንጀራው ለኬሚስቱ ለኦቬ ፌርኖ በደብዳቤ አስታወቀው። ፌርኖም ኒኮቲን ያለ ጭስና ያለ ትምባሆ እንዴት ለሰውነት ሊደርስ እንደሚችል ሲመረምር ከቆየ በኋላ የኒኮቲን ማስቲካን ሠራ። ማስቲካው እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊዘርላንድ በመድኃኒትነት ተመዘገበ፤ በ1984 ደግሞ በአሜሪካ ተፈቀደ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ ምዝገባው ድረስ 10 ዓመት ያህል ፈጅቷል። የሰርጓጅ መርከቡ ሰዎች ልብ አልጎደላቸውም፤ ነገር ግን ወታደራዊ ሥርዓት እንኳ የሰውነታቸውን ጥያቄ ዝም ሊያሰኘው አልቻለም ነበር።

ዛሬ የምትክ መድኃኒቶቹ ዐይነት በርክቷል። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር፣ ማስቲካ፣ በአፍ የሚሟሟ ከረሜላ መሰል እንክብል፣ እንዲሁም በአፍንጫ ወይም በአፍ የሚረጭ ፈሳሽ አለ። ፕላስተሩ ጠዋት ንጹሕና ደረቅ በሆነ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቀኑንም ሙሉ ኒኮቲንን በዝግታና በእኩልነት ያስገባል። በቀን ከ10 ሲጃራ በላይ የሚያጨስ ሰው ብዙውን ጊዜ 21 ሚሊግራም ባለው ፕላስተር ይጀምራል፤ ከሳምንታት በኋላ ወደ 14፣ በመጨረሻም ወደ 7 ሚሊግራም ዝቅ ይላል። ማስቲካውና እንክብሉ ደግሞ ድንገተኛ ጥም በተነሣ ጊዜ ፈጥነው ይደርሳሉ። ፕላስተሩን ከእነዚህ ከአንዱ ጋር አጣምሮ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ ጥናቶች አረጋግጠዋል።

ይሁን እንጂ አጠቃቀሙን የማያውቅ ሰው መድኃኒቱን ያለ ጥፋቱ ይከሰዋል። የኒኮቲን ማስቲካ እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ጥቂት ጊዜ በዝግታ ታኝኮ የሚያቃጥል ጣዕም ሲሰማ በጉንጭና በድድ መካከል ይቀመጣል፤ ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና ይታኘካል፤ ይህም ለ30 ደቂቃ ያህል ይቀጥላል። በችኮላ ቢታኘክ ግን ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ይዋጥና ስቅታና የሆድ መረበሽን ያስከትላል፤ ጥሙንም አያስታግሥም። ለእኛ አገር ሰው ደግሞ በተለይ መነገር ያለበት ምክር አለ። ቡናና ለስላሳ መጠጥ አሲድነት ስላላቸው ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ እንዳይሰርግ ያግዱታል። ስለዚህ ማስቲካ ከመያዙ 15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ማስቲካው በአፍ እስካለ ድረስ እነዚህን መጠጣት አይገባም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ማስቲካውን በጉንጭ ይዘው የሚቆዩ ሰዎች «አልሠራልኝም» ቢሉ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ሌላው የተለመደ ስሕተት ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትንሽ ሲሻል መድኃኒቱን መጣል ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃልና የተሻለው ሰው ጤንነቱ ሳይጸና ምርኩዙን መወርወር የለበትም።

ለመሆኑ መድኃኒቶቹ በእውነት ይረዳሉን? የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ 133 ጥናቶችንና ከ64 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን አመዛዝኖ ነበር። ውጤቱም መድኃኒቶቹ ሲጃራን የመተው ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ ከፍ እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ይህን በቀላል ቋንቋ ብንገልጸው፣ ያለ መድኃኒት ከመቶ ሰዎች 10 ሰው የሚሳካለት ቢሆን፣ በመድኃኒቱ 15 ወይም 16 ሰው ይሳካለታል ማለት ነው። ይህን አይቶ «አብዛኛውማ አልተሳካለትም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ተአምር አይሠራም። ነገር ግን የተጨመሩት አምስትና ስድስት ሰዎች የአንድ ሰው አባት፣ የአንድ ሰው እናት፣ የአንድ ሰው ወንድም ናቸው። ያልተሳካለትም ቢሆን ዳግመኛ መሞከር ይችላል፤ ብዙዎች ሲጃራን ለዘለቄታው የሚተዉት ከብዙ ሙከራ በኋላ ነውና።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መተካት ምን ይጠቅማል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በአወሳሰዱ ፍጥነት ላይ ነው። የሲጃራ ኒኮቲን በሰኮንዶች ውስጥ አንጎልን መትቶ ወዲያው ይርቃል፤ ሱስን የሚያጸናውም ይህ ፈጣን መውጣትና መውረድ ነው። ከፕላስተር የሚገኘው ኒኮቲን ግን በሰዓታት ውስጥ በዝግታ ይገባል፤ መጠኑም በዕቅድ እየቀነሰ ይሄዳል። ሲጃራ ግን የሚያልቅበት ቀን የተቆረጠለት አይደለም። የተሰበረ እግር የታሰረበት እንጨት አጥንቱ ሲገጥም እንደሚፈታ ሁሉ፣ ይህም የሚፈታበት ቀን አስቀድሞ የተወሰነለት ድጋፍ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቆራጥ ሰው ያለ መድኃኒት ይተዋል» የሚለው ነው። በአንድ ቀን ውሳኔ ሲጃራን የተዉ ሰዎች መኖራቸው አይካድም፤ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ጥናቶች እንደሚያሳዩት ያለ አንዳች ረዳት ከሚሞክሩት መቶ ሰዎች ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሚጸኑት ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ጥቂቶች ዋኝተው የተሻገሩትን ወንዝ ሁሉም በዋና ይሻገር ብሎ ድልድይ መከልከል ፍርደ ገምድልነት ነው። ደግሞም አጫሽ ቁርጥ ፈቃድ የለውም ማለት ስሕተት ነው። በረመዳን ወር ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ሲጃራ ሳይቀምስ የሚውል አጫሽ ጥቂት አይደለም። ይህ ሰው ፈቃድ ጎደለው ይባላልን? በማፍጠሪያው ሰዓት እጁ ወደ ሲጃራው የሚዘረጋው ፈቃዱ ስላለቀ አይደለም፤ ሰውነቱ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ የዋለውን ዕዳ ስለሚጠይቀው ነው። ለመተው መወሰን የፈቃድ ሥራ ነው፤ የሰውነትን ዕዳ በጥቂት በጥቂቱ መክፈል ግን የመድኃኒት ሥራ ነው። ሁለቱ ይረዳዳሉ እንጂ አይጣሉም።

በታሪካችንም ብንመለከት፣ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በብርቱ ከልክለው ነበር። ሆኖም ትምባሆ በክልከላ ብቻ ከአገር አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች መካከል 5 በመቶው፣ ማለትም ከ3 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ሰዎች፣ ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ይህ ሕግ ገና ያልጀመረውን ወጣት ይጠብቃል፤ ጭሱን ሳይፈልግ ከሚስበውም ሰው ላይ ጉዳትን ያርቃል። ነገር ግን የጀመረውን ሰው «አታጭስ» ብሎ መከልከል የሕጉ ድርሻ ሲሆን፣ «እንዴት ልተው?» ብሎ ለሚጠይቀው መልስ መስጠት ደግሞ የሕክምናና የኅብረተሰብ ድርሻ ነው።

በዚህ ረገድ የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ምትክ መድኃኒቶችን እ.ኤ.አ. በ2009 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በ2024 ባወጣው መመሪያም ከሌሎች መድኃኒቶችና ከምክር አገልግሎት ጋር እንዲሰጡ አሳስቧል። መሠረታዊ መድኃኒት ማለት ደግሞ ገንዘብ ያለው ብቻ ከሩቅ አገር የሚያስመጣው ማለት አይደለም። ሲጃራ በየሱቁና በየመንገዱ ዳር እጅ ሲዘረጉ ይገኛል፤ መተዊያው ግን ያን ያህል ቅርብ አይደለም። በሽታው በየደጁ፣ መድኃኒቱ በሩቅ ሊሆን አይገባም። በየጤና ጣቢያው ለሳል የመጣውን በሽተኛ «ታጨሳለህ ወይ? ለመተው ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ከጠየቀም በኋላ ባዶ እጁን የማይሰድ አገልግሎት ያስፈልገናል።

ይህን ስል ጥንቃቄውን አልዘነጋም። እነዚህ መድኃኒቶች ለሚያጨስና ለመተው ለቆረጠ ሰው እንጂ ለማያጨስ ሰው የተሠሩ አይደሉም። ነፍሰ ጡር ሴት፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰውና ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት ሐኪም ሳያማክሩ ሊወስዷቸው አይገባም። ማስቲካውና ፕላስተሩ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጡ። ደግሞም ለወጣቶች በጣፋጭ ጣዕምና በሚያብረቀርቅ ዕቃ እየተዋቡ የሚቀርቡት የኤሌክትሮኒክ ሲጃራዎችና የኒኮቲን ከረጢቶች ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሊምታቱ አይገባም። አንደኛው ወገን የሚሸጠው አዲስ ሱሰኛ ለማፍራት ነው፤ ሌላው ወገን ግን የሚሰጠው የቆየውን ሱስ ለማብቃት ነው።

የቀረው ድርሻ የቤተሰብ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሆኖም ሰው በሽታውን የሚደብቀው ብዙውን ጊዜ መሳለቂያ እንዳይሆን ሲሰጋ ነው። ሲጃራ ለመተው የተነሣ አባት በሦስተኛው ቀን ሲቆጣ «ይኸው ጀመረው» ከማለት ይልቅ «ያልፋል፣ በርታ» ማለት ዋጋ አለው። ክንዱ ላይ ፕላስተር የለጠፈውንም ሰው «በፕላስተር ነው እንዴ የምትተወው?» ብሎ ማፌዝ ከእጁ ምርኩዙን መንጠቅ ነው። ወጣቶችም በቤታቸው የዚህ ዐይነት ትግል የገጠመው ሰው ካለ፣ ያነበቡትን በትሕትና ሊያካፍሉትና ወደ ጤና ባለሙያ እንዲሄድ ሊያበረታቱት ይችላሉ።

ትርፉም ቀላል አይደለም። ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቻቸው የብሪታንያ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በ60 ዓመቱ ሲጃራን የተወ ሰው ወደ 3 ዓመት ያህል፣ በ50 ዓመቱ የተወ 6 ዓመት፣ በ40 ዓመቱ የተወ ደግሞ 9 ዓመት ያህል ዕድሜ እንደሚያተርፍ ደርሰውበታል። ሦስት ዓመት ማለት የልጅን ምረቃ ማየት ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ማለት የልጅ ልጅን አቅፎ ማሳደግ ነው። እንዲህ ላለ ትርፍ ጥቂት ሳምንታት ፕላስተር መለጠፍ ወይም ማስቲካ በጉንጭ መያዝ ምን ያሳፍራል? ዳገት የወጣን ሰው ከጫፉ ላይ ስናገኘው እንኳን ደኅና ደረስክ እንለዋለን እንጂ ምርኩዝ ይዘህ ነውና አልወጣህም አንለውም። ሲጃራን የተወ ሰውም በምንም ረዳት ቢተው ትቷል፤ ገና በመንገድ ላይ ላለው ደግሞ ምርኩዙን እናቀብለው።